ሳሲት፦ ከክርስትና ሲመለሱ በድሮን የተመቱት ሰዎች፣ እና በአማራ ክልል ስለደረሱት ጥቃቶች ማወቅ ያለብን

የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በሰሜን ሸዋ ዞን ሞጃና ወደራ ወረዳ፣ ሳሲት ከተማ አካባቢ፣ ሰው የጫነ አይሱዙ መኪና በድሮን ተመታ። ነዋሪዎች ለመገናኛ ብዙኃን እንደተናገሩት መኪናው ላይ የነበሩት ከክርስትና የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። የሟቾቹንም ቁጥር 30 ገደማ አድርሰውታል። በማግስቱ የካቲት 12 ነበር፤ የሰማዕታት ቀን። አገር በሙሉ በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ጦር የተጨፈጨፉትን ሲያስብ፣ ሳሲት የራሷን ሬሳ እየለየች ትቀብር ነበር።

ከዚያ ወዲህ "ሳሲት ላይ የሆነው ምን ነበር? ሌላስ የት ተመታ? ሕጉስ ምን ይላል?" የሚል ጥያቄ ከራቤልም፣ ከመሐል ሜዳም፣ ከሞላሌም፣ ውጭ ካሉ ልጆቻችንም በተደጋጋሚ ይደርሰናል። መረጃው እዚህም እዚያም ተበታትኖ ስላለ አንድ ቦታ ሰብስበነዋል። አስቀምጡት፤ ለሚጠይቃችሁም አጋሩት።

ይህን ስናጠናቅር አንድ ነገር ጎልቶ ታየን። የተመቱትን ቦታዎች በተራ ስታይዋቸው ክርስትና፣ ትምህርት ቤት፣ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሆስፒታል ግቢ፣ የከተማ መሐል ናቸው። ሁሉም ሰው የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ናቸው። እኛ ደገኞች ደግሞ ያለመሰብሰብ መኖር አንችልም።

ጦርነቱ እንዴት እዚህ ደረሰ?

በአጭሩ እንለፈው። መጋቢት መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ መወሰኑን አስታወቀ። በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሳ። በሐምሌ ወር በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የነበረው ግጭት ወደ ሙሉ ጦርነት ተሸጋገረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ጥር 2016 ላይ ለተጨማሪ አራት ወር ተራዝሞ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ጊዜው አበቃ። አዋጁ ቢያበቃም ጦርነቱም ድሮኑም አላበቁም።

የት የት ተመታ?

ከዚህ በታች ያለው ሁሉንም ጥቃት የያዘ ዝርዝር አይደለም። በሰብአዊ መብት ተቋማትና በታወቁ መገናኛ ብዙኃን የተዘገቡትን፣ ከእነሱም ዋና ዋናዎቹን ነው ያስቀመጥነው።

• ፍኖተ ሰላም (ምዕራብ ጎጃም)፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፦ እሑድ ቀን፣ በፍልሰታ ጾም፣ የከተማው መሐል ተመታ። የሆስፒታል ባለሙያዎች ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን ለዜና ሰዎች ተናግረዋል።

• መጥተህ ብላ (ሰሜን ሸዋ፣ በረኸት ወረዳ)፣ ጥቅምት 2016 ዓ.ም.፦ በድሮን ጥቃት ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) አስታውቋል። ከሟቾቹ አንዱ የአንድ ዓመት ከሰባት ወር ሕፃን ነው። የከተማዋን ስም ልብ በሉ፤ እንግዳን ለማዕድ የሚጠራ ስም ነው።

• ወደራ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመታ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ሰባት ሰዎች መገደላቸውን፣ ከእነሱም ሦስቱ መምህራን መሆናቸውን ገልጿል።

• ዋበር (ምሥራቅ ጎጃም)፣ ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ ትምህርት ቤቱ በተመታ በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ መናኸሪያ ተመታ። በዚያው ጽሕፈት ቤት መግለጫ መሠረት 13 ሰዎች ሞቱ።

• ወገል ጤና (ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ)፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ አምቡላንስ ተመታ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ቢያንስ አራት ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል።

• ሳሲት (ሰሜን ሸዋ፣ ሞጃና ወደራ)፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ ከላይ የገለጽነው።

• ገደብ (ምሥራቅ ጎጃም፣ እናርጅ እናውጋ)፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ሰው ትምህርት ቤት አካባቢ በተሰበሰበበት ተመታ። ነዋሪዎች ከ100 በላይ ሰው መሞቱን ተናግረዋል።

ጠቅላላውን ለማየት የሚረዳ አንድ ቁጥር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በሰኔ 2016 ባወጣው ሪፖርት፣ ከሐምሌ 28 ቀን 2015 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በአማራ ክልል በድሮን ጥቃቶች 248 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውንና 55 መቁሰላቸውን አስፍሯል። ልብ በሉ፤ ይህ አምስት ወር ያልሞላ ጊዜ ነው። ሳሲትም ገደብም በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉበትም።

አማራ ክልል ብቻ ነው?

አይደለም። ይህን መናገር ግዴታችን ነው። ከእኛ በፊት ትግራይ ይህን አይታለች። በ2014 ዓ.ም. የገና ሌሊት ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመታ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ቢያንስ 57 ሰው መሞቱን፣ ቦታው ላይ የተገኘው ስብርባሪም ቱርክ ሠራሽ ቦምብ መሆኑን አረጋግጧል። የተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ የሰብአዊ መብቶች ባለሙያዎች ኮሚሽን ድርጊቱ የጦር ወንጀል ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት እንዳለ ደምድሟል።

ከዚያም በፊት ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የቶጎጋ ገበያ በአውሮፕላን ተደብድቦ ከ60 በላይ ሰው ሞቷል። ሰኔ 15 በትግራይ ሌላም ትዝታ አለው። በ1980 ዓ.ም. በዚያው ቀን የደርግ አውሮፕላኖች የሐውዜንን ገበያ ደበደቡ። ሁለቱም ጊዜ ገበያ፣ ሁለቱም ጊዜ በጠራራ ፀሐይ። የዚያን ጊዜ አንዳንዶቻችን "የጁንታ ወሬ ነው" ብለን አልፈነዋል። ዛሬ የእኛን ሲሉት ምን እንደሚሰማ አውቀነዋል።

ድሮን እንዴት ነው የሚያየው?

ድሮን ስንል ሰው የማይሳፈርበት፣ መሬት ላይ ካለ ጣቢያ በሬዲዮ የሚታዘዝ አውሮፕላን ማለታችን ነው። ኢትዮጵያ ከቱርክ፣ ከቻይናና ከኢራን የተሠሩ የተለያዩ ዓይነቶች እንዳሏት በሰፊው ተዘግቧል። በብዛት የሚነሳው የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 ነው። ኢትዮጵያና ቱርክ የወታደራዊ ትብብር ስምምነት የፈረሙት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነበር።

ባይራክታር ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12 ሜትር ነው። እስከ 27 ሰዓት ሳያርፍ መብረር ይችላል፤ ማለትም ከአንዱ ጠዋት እስከ ሌላው ጠዋት ማለፊያ ድረስ። አራት ቦምብ ይሸከማል። ኤምኤኤም-ኤል የሚባለው ቦምቡ 22 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ጎልማሳ በግ ያህል ነው። ቦምቡ የሚመራው በሌዘር ስለሆነ የተነጣጠረበትን ነገር እምብዛም አይስትም።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቦምቡ አይስትም ማለት የሚመታው ሰው ትክክለኛ ዒላማ ነው ማለት አይደለም። ካሜራው ብዙ ሰው አንድ ላይ መኖሩን ያሳያል፤ መኪና መንቀሳቀሱን ያሳያል፤ በጨለማም የሰውነትን ሙቀት ያሳያል። ሰዎቹ ለምን እንደተሰበሰቡ ግን አያሳይም። የተሰበሰቡት ለውጊያ ይሁን ለክርስትና የሚወስነው ጣቢያው ውስጥ ስክሪን ፊት የተቀመጠው ሰው ነው። እሱ የሚያየው ጥላና ቅርጽ ነው። ከመሬት በሚደርሰው ጥቆማም ይመራል፤ ጥቆማው ልክ ካልሆነ ቦምቡ የተሳሳተውን ሰው በትክክል ይመታል።

የኛ ኑሮ ከላይ ሲታይ

እስቲ አገራችንን ከላይ ሆናችሁ እዩት።

ወንዱ መንገድ ሲወጣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነው። ያላቸው ጠመንጃቸውን ያነግታሉ፤ ይህ ከጦርነቱ በፊትም የነበረ ነው። ጋቢና ባና የለበሰ ሰው ሴት ይሁን ወንድ፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ ከሩቅ አይለይም። አውቶቡስ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ሁሉም ያገኘው አይሱዙ ላይ ይሳፈራል። ድግስ ሲሆን መኪና በጋራ ይከራያል። ታጣቂም ሲንቀሳቀስ በአይሱዙ ነው። ከሰማይ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ክርስትና ደግሞ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ውጭ ላደጉት ልጆቻችን ግን እንንገራቸው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። የክርስትና አባት ወይም እናት አለ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድግስ አለ። ዘመድ ከሌላ ቀበሌ፣ ከሌላ ወረዳ ጭምር ይመጣል፤ አሮጊቶችም የሚያጠቡ እናቶችም ሕፃናትም ይመጣሉ። ቀኑን በአርባና በሰማንያ የቆጠረችው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነች "ጦርነት ነውና ይተላለፍ" የሚባል ነገር አይደለም።

ሌላውም እንደዚሁ ነው። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ ደቦው፣ ሽምግልናው፣ የገበያው ቀን። ሰው ሲሞት ለቅሶ አለ። የጥቃት ሟቾች ለቅሶ ራሱ ሌላ መሰብሰብ ነው። አንድ አባት ባለፈው እንዲህ አሉን፦ "ልጆቼ፣ ለቅሶ ሄደን አንገታችንን ደፍተን አናውቅም አሁን፤ ወደ ላይ እያየን ነው የምናለቅሰው።" ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለንም።

መንግሥትና ታጣቂዎች ምን ይላሉ?

መንግሥት በተለያየ ጊዜ በሰጣቸው መግለጫዎች ዒላማው "ጽንፈኛ" የሚላቸው ታጣቂዎች እንጂ ሰላማዊ ሰው እንዳልሆነ ይናገራል። የተሰበሰበ ታጣቂ ሲገኝ በድሮን እንደሚመታም የመከላከያ ከፍተኛ አመራሮች በይፋ ተናግረዋል። እንግዲህ "የተሰበሰበ" የሚለው ቃል ላይ ነው የእኛ ጭንቀት ያለው።

በሌላ በኩል ታጣቂዎቹም ከተጠያቂነት አያመልጡም። ኢሰመኮ በታጣቂዎች የተፈጸሙ ግድያዎችንና እገታዎችንም መዝግቧል። ታጣቂ በሰው መሐል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም ጤና ጣቢያ ግቢ ሲያርፍ ሕዝቡን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህንን ለማንም ሳናዳላ እንናገራለን። ይሁንና አንዱ ወገን ሕግ ቢጥስም ሌላው ሲቪሎችን የመጠበቅ ግዴታው አይነሳለትም። ይህ የእኛ አስተያየት ሳይሆን የጦርነት ሕግ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የ1949ኙን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች ተቀብላለች። የእርስ በእርስ ጦርነትን የሚመለከተውን ሁለተኛውን ተጨማሪ ፕሮቶኮልም በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ዋናዎቹ ሕጎች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ መለየት። ተዋጊና ሲቪል መለየት አለበት። ጥርጣሬ ካለ ሰውየው እንደ ሲቪል ይቆጠራል። ማለትም ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው "እንጃ" ካለ መተኮስ የለበትም።

ሁለተኛ፣ ተመጣጣኝነት። ዒላማው ወታደራዊ ቢሆን እንኳ በሲቪሉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሚጠበቀው ወታደራዊ ጥቅም ከበለጠ ጥቃቱ ሕገወጥ ነው። ሁለት ታጣቂ ተሳፍሯል ተብሎ ሠላሳ ሰው የጫነ መኪና አይመታም።

ሦስተኛ፣ ጥንቃቄ። ከመምታት በፊት ማጣራት፣ ሲቻል ማስጠንቀቅ፣ ሰው የሚበዛበትን ሰዓትና ቦታ መተው ያስፈልጋል። 27 ሰዓት አየር ላይ መቆየት የሚችል መሣሪያ "ለማጣራት ጊዜ አልነበረኝም" ለማለት ይቸግረዋል።

የራሳችን ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 15 ላይ በሕይወት የመኖር መብትን ያረጋግጣል። በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም እንደማይታለፉ አንቀጽ 28 ይደነግጋል። ስለዚህ ዛሬ ባይጠየቅም ነገ መጠየቅ ይቻላል። ነገ የሚጠየቀው ግን ዛሬ የተመዘገበው ነው።

ማን መረመረ?

ደደቢትን መርምሮ ድምዳሜ የሰጠው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ኮሚሽን የሥራ ዘመኑ ሳይታደስ ቀርቶ በመስከረም 2016 መጨረሻ አካባቢ አበቃ። የወደራው ትምህርት ቤት፣ የዋበር መናኸሪያ፣ የወገል ጤና አምቡላንስ፣ ሳሲት፣ ገደብ ሁሉም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ኢሰመኮ መግለጫ አውጥቷል፤ ተጠያቂነት እንዲኖርም ጠይቋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደግሞ በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ገደብ የተመታችው ፖሊሲው በጸደቀ በዓመቱ ነው።

ሌላው ችግር ግንኙነት ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በአንድ ቀበሌ የሆነው ነገር እዚያው ይቀራል፤ ወይም ከሳምንት በኋላ ሰው በእግሩ ይዞት ይወጣል። እስከዚያው ወሬው ይባዛል ወይም ይጠፋል። ሁለቱም ሟቹን ይበድላሉ። ሲጋነን "ውሸታሞች ናቸው" ይባላል፤ ሲጠፋ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

የመዝገቡ ነገር ለፍትሕ ብቻ አይደለም፤ ለኑሮም ነው። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቱን በስሟ ለማዞር፣ ልጆቿን ወራሽ ለማሰኘት የሞት ማስረጃ ትጠየቃለች። ማስረጃውን የሚሰጠው ቀበሌ ነው። ቀበሌው በጦርነቱ ከተዘጋ ሟቹ በወረቀት ላይ ገና አልሞተም።

እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጦርነቱን ማስቆም በእጃችን አይደለም። እነዚህን ግን ማድረግ እንችላለን።

1. ስም መዝግቡ። የሟች ስም ከነአያቱ፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ቀንና ሰዓት፣ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። የዕድሩ ወይም የሰንበቴው መዝገብ ይበቃል። ሁለት ሰው ይጻፈው፤ ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

2. የቆሰለንም መዝግቡ። ከወር በኋላ የሚሞት አለ፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም።

3. ያያችሁትንና የሰማችሁትን ለዩ። "አይቻለሁ" እና "ሰምቻለሁ" አንድ አይደሉም። ቁጥር አትጨምሩ። እውነቱ በራሱ ከበቂ በላይ ነው።

4. ስብርባሪ አትንኩ። ያልፈነዳ ሊኖርበት ይችላል። ልጆች እንዳይጠጉ አድርጉ። ፎቶ ካነሳችሁ ከሩቅ አንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ያለ ነገር ይታይ።

5. የሰው ደም ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ እርዳታ እስኪደርስ እጃችሁን አታንሱ። ከአንድ ጥቃት በኋላ ወዲያው ብዙ ሰው አንድ ላይ አይከማች።

6. የሟችን ገላና የቆሰለን ሰው ፊት አትለጥፉ። ቤተሰቡ መርዶውን ከፌስቡክ መስማት የለበትም። የተረፉትንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ወደ ሳሲት እንመለስ። ያ አይሱዙ የተነሳው ከደስታ ቤት ነው። ሕፃን ተጠምቆ፣ ስመ ክርስትና ወጥቶለት፣ ተበልቶ ተጠጥቶ "ያሳድግልሽ" ተብሎ። የዚያ ቀን ድግስ የተደገሰለት ልጅ ካደገ አንድ ቀን "የእኔ ክርስትና ላይ ማን ማን ነበር?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ "ወደ ሠላሳ ሰው" የሚል መልስ አይበቃውም። ስማቸውን የሚነግረው ሰው፣ ወይም ስማቸው የተጻፈበት አንድ ደብተር ሊኖር ይገባል።

ዛሬ ከእናንተ የምንጠይቀው ይህንን ነው። በየቀበሌያችሁ ያ ደብተር መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ጀምሩት።

ነፍስ ይማር።